የሊማሊሞ ቁልቁለትና የመኪና ልጓም

ስለ ጎንደር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ብዕሩን የሚያነሣው ከፋሲል ግንብ ነው። ነገሥታቱ፥ አድባራቱና ሊቃውንቱ ሊጻፍላቸው የሚገባ ስለ ሆነ ይህን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን ከተማይቱ የኖረችው በነገሥታቷ ብቻ ሳይሆን በመንገዶቿም ጭምር ነው። በምጽዋና በመተማ በኩል የሚገባው ሸቀጥ፥ ከደቡብ የሚመጣው ወርቅ፥ ዝባድና ሰም ሁሉ በእነዚህ መንገዶች ይመላለስ ነበር። መንገዶቹም አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ይኸውም በየት በኩል ቢወጡ ከደጋው ወደ ቆላው በገደል መውረዳቸው ነው። የአገራችን ሰው ስለ ዳገት ብዙ ይናገራል፤ ስለ ቁልቁለት ግን የተጻፈ ጥቂት ነው። ዳገት እንስሳውንና ሞተሩን ያደክማል፤ ለከባድ መኪና የሚያሰጋው ግን መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የመንገዱን ታሪክ ከፍሬን ታሪክ ጋር አያይዤ ለአንባብያን ለማቅረብ አስቤአለሁ።

ከጎንደር ወደ ሰሜን ተነሥቶ ዳባትንና ደባርቅን ያለፈ መንገደኛ፥ ወልቅፊት ከተባለው ስፍራ ሲደርስ ምድሩ ድንገት ያልቅበታል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከሚሆነው ከደባርቅ ደጋ ተነሥቶ ወደ ዛሪማ ቆላ የሚወርደው ቁልቁለት ሊማሊሞ ይባላል። ከላይ እስከ ታች ያለው ልዩነት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ጎንደር ሲመጣ ይህን ገደል የወጣው በ1762 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ዘመን በዚህ መንገድ ይመላለስ የነበረው ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን በቅሎና አህያ ላይ ሲያደርግ፥ የመግቻን ነገር አብዛኛውን ለእንስሳው ይተወው ነበር። በቅሎ ቁልቁለት ስትወርድ እያንዳንዱን ድንጋይ በኮቴዋ ሳትሞክር ሙሉ ክብደቷን አትጥልበትም፤ ድንጋዩ ከተንሸራተተ እግሯን መልሳ ታነሣለች። አንባቢ ይህን የበቅሎ ጠባይ በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

መኪና ወደ ጎንደር የመጣው ከጦር ጋር ነው። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. አኪሌ ስታራቼ የተባለው የፋሽስት አለቃ በካሚዮን የተጫነ ጦር እየመራ ከተማይቱን ያዘ። የመጣውም በሊማሊሞ አልነበረም፤ በገደሉ ላይ ገና የመኪና መንገድ ስላልነበረ፥ ከሰቲት ወንዝ ተነሥቶ በምዕራቡ ቆላ ዞሮ ነው። ከዚያ በኋላ ጣልያኖች አገሪቱን ይዘው በቆዩባቸው 5 ዓመታት ውስጥ አሥመራን ከጎንደር የሚያገናኘውን መንገድ በሊማሊሞ ገደል ላይ እየጠመዘዙ አወጡት። መንገዱ በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ የሚደነቅ ሥራ ነው፤ የተሠራው ግን ለጦር ስንቅና ጥይት ማመላለሻ እንጂ ለባላገሩ ጥቅም ታስቦ እንዳልሆነ የሚያጠራጥር አይደለም። መንገዱን የሚዘጋ ሰው ጎንደርን እንደሚዘጋ ራሳቸውም ያውቁ ስለ ነበር፥ ወልቅፊት ላይ ጽኑ ምሽግ አበጁ። አርበኞቻችንና የእንግሊዝ ጦር ከበው ካስጨነቁት በኋላ፥ የምሽጉ አዛዥ ኮሎኔል ጎኔላ መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ልክ በሁለት ወሩ ኅዳር 18 ቀን ጄኔራል ናዚ በጎንደር ተማረከ፤ የጣልያንም ጦር በምሥራቅ አፍሪካ የነበረው የመጨረሻ ይዞታ በዚሁ አበቃ።

ጣልያን ሲሄድ መንገዱ ቀረ፤ ቋንቋውም በጋራዦቻችን ቀረ። ፍሬን፥ ጎማ፥ ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ባሌስትራ እያልን የምንጠራቸው የመኪና ዕቃዎች ሁሉ ይህን ዘመን የሚያስታውሱ ናቸው። መንግሥት በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን አቋቁሞ፥ ከዓለም ባንክ በተገኘው የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር የተበላሹትን አውራ መንገዶች ማደስ ተጀመረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም፥ እ.ኤ.አ. በ1952 መሠራት የጀመረው ፊያት 682 የተባለው ካሚዮን ወደ አገራችን እየበዛ መጣ። ከዚሁ ዓይነት የወጣውን ሾፌሮቻችን «ኤንትሬ» ብለው ስም አወጡለት፤ ዛሬም ድረስ ስሙ ያልጠፋ መኪና ነው።

ኤንትሬ መሪው በቀኝ በኩል ነበር። የጣልያን ከባድ መኪና ሠሪዎች መሪውን በቀኝ ያደረጉት በተራራ መንገድ ላይ ነጂው የገደሉን አፍ በዓይኑ እያየ እንዲጠጋ ብለው ነው ይባላል። አገራችን ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ መስመር መንዳትን ስለ ደነገገች፥ ገደሉ በቀኝ በዋለበት ስፍራ ሁሉ ሾፌሩ የጎማውንና የገደሉን ርቀት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይለካ ነበር። ሌላ መኪና ለመቅደም በፈለገ ጊዜ ግን ፊት ለፊት የሚመጣውን ማየት የሚችለው በግራ የተቀመጠው ረዳት ብቻ ነው። እንግዲህ መኪናይቱ ሁለት ዓይን ነበራት፤ አንዱ ዓይን የሾፌሩ፥ ሁለተኛው የረዳቱ።

በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የጽሑፌ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ ኤሌክትሮኒክ ሴንሰር የሚያደርገውን ሥራ በዚያን ጊዜ ያደርግ የነበረው የሰው አካል ነው። ሾፌሩ የፍሬን ሸራ መጋሉን በአፍንጫው ያውቃል፤ የተቃጠለ ሸራ ሽታው ከማንኛውም ሽታ ይለያል። የፍሬኑ ፔዳል ከወትሮው ወደ ታች ጠልቆ ሲሄድ በጫማው ሥር ይሰማዋል። ሞተሩ ሲጮኽ ከድምፁ ብቻ መኪናው በየትኛው ማርሽ ምን ያህል እንደሚሮጥ ይገምታል። ረዳቱም ታኮውን ይዞ ለመዝለል የተዘጋጀ ነው፤ መኪናው ዳገት ላይ ወይም ቁልቁለት ላይ ሲቆም ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ የሚያስገባው እርሱ ነው። መንገድ ላይ በቆሙ ቁጥር መዳፉን ወደ ጎማው መካከል አስጠግቶ የትኛው እንደ ጋለ ለሾፌሩ የሚነግረውም እርሱ ነው። የጋለውን ብረት ቶሎ ለማብረድ ውሃ የሚደፋበት ብልህ ያልሆነ ረዳት ነው፤ ድንገት የቀዘቀዘ ብረት ይሰነጠቃልና። ደመወዙ ጥቂት፥ ማዕረጉም ዝቅተኛ የሆነው ይህ ሰው፥ የብዙ ነፍስ ጠባቂ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ለመሆኑ ሸራው ስለ ምን ይግላል? ፍሬን መኪናን ያቆማል ማለት ሩጫውን ወደ ሙቀት ይለውጣል ማለት ነው። ከነጭነቱ 20 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ፥ በፍሬን ብቻ ተይዞ ቢወርድ፥ የሚወጣው ሙቀት ወደ 580 ሊትር የሚሆን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህም ሦስት በርሜል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውሃ ነው። ያን ሁሉ ሙቀት የሚሸከሙት በየጎማው ውስጥ ያሉት ሸራዎችና ሸራው የሚታሸበት ታምቡር፥ ማለት ክብ የብረት ከበሮ፥ ናቸው። ታምቡሩ ሲግል እየሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም ከልክ በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ከዚያ በኋላ ሾፌሩ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ቢረግጠው መኪናው አይሰማውም። ስለዚህ ነው የጥንቱ ሾፌሮች ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ እንደ ሕግ የያዙት። በከባድ ማርሽ የሚወርድ መኪና በሞተሩ ይያዛል፤ ሸራውም ያርፋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን አውጥቶ በባዶ የሚለቅ ሾፌር ግን የሚቆጥበው ጥቂት ሊትር ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1931 ክሌሲ ከሚንስ የተባለው አሜሪካዊ የናፍጣ ሞተር ሠሪ የራሱን ሞተር በጭነት መኪና ላይ ሲፈትን፥ በካሊፎርኒያ አገር ካሆን በተባለው መተላለፊያ ላይ ፍሬኑ ከዳው፤ ከታች ያልፍ ከነበረ የጭነት ባቡር ጋር ሊላተም ጥቂት ቀርቶት ዳነ። ያ ፍርሃት ከልቡ አልወጣም፤ በስተርጅና ሥራውን ከተወ በኋላ ሞተሩ ራሱ መኪናውን የሚገታበትን መሣሪያ ፈለሰፈ። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1961 ለገበያ ዋለ። ሞተሩ የጨመቀውን አየር ለሥራ ሳያውለው ስለሚለቀው፥ ሸራና ታምቡር ሳይታሹ መኪናው ይያዛል።

የፍሬኑንም ኃይል ከሰው እግር ወደ ታመቀ አየር ማዛወር የተጀመረው በባቡር ነው። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1869 ለባቡር የሠራው የአየር ፍሬን፥ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ካሚዮን ተዛወረ። በዚህም ብልሃት አንድ ትልቅ ሐሳብ ተገኘ፤ ይኸውም ኃይሉ ሲጠፋ መኪናው እንዲቆም እንጂ እንዲለቀቅ አለማድረግ ነው። በዘመናችን ከባድ መኪና የኋላ እግሮች ላይ ጽኑ ሞላ ተቀምጧል፤ ሞላውን ጨምቆ የሚይዘው አየሩ ነው፤ አየሩ ፈስሶ ካለቀ ሞላው ተፈናጥሮ ጎማውን ይይዛል። በሾፌሩ ፊት ያለው የአየር መለኪያ ሰዓትም፥ አየሩ ከሚገባው በታች ሲወርድ የሚጮኸው ደወልም፥ የዛሬው ሴንሰር ታላላቅ ወንድሞች ናቸው።

ሌላም ታላቅ ወንድም አለ። ባዶ መኪና እንደ ተጫነ መኪና በኃይል ፍሬን ቢያዝ የኋላ ጎማው መሽከርከሩን አቁሞ ይንሸራተታል። ይህንን ለማስቀረት ከኋላው አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የአየር መክፈቻ ተበጀ፤ ጭነቱ ሲበዛ ባሌስትራው ይጎብጣል፥ ዘንጉም ይንቀሳቀሳል፥ ለፍሬኑም ብዙ አየር ይለቀቃል፤ ጭነቱ ሲራገፍ በአንጻሩ አየሩ ይቀነሳል። ኤሌክትሪክ የለበትም፤ ነገር ግን ጭነትን የሚመዝን፥ የመዘነውንም ለፍሬን የሚነግር መሣሪያ ነው።

ኤሌክትሮኒኩ የመጣው ከአየር ኃይል ጎራ ነው ቢባል ይቀላል። አውሮፕላን እርጥብ ሜዳ ላይ ሲያርፍ ጎማው እንዳይቆለፍ፥ ደንሎፕ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ማክሳሬት የተባለ መሣሪያ አወጣ። የአሜሪካ መንግሥት ደግሞ ሥራው ገና ሳይበስል፥ እ.ኤ.አ. በ1975 የአየር ፍሬን ላላቸው ከባድ መኪኖች ሁሉ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከለክል መሣሪያ እንዲገጠም የሚያስገድድ ደንብ በሥራ ላይ አዋለ። ዕቃው ግን አስተማማኝ አልሆነም፤ ነጂዎችና ባለንብረቶች አማረሩ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1978 ያ የደንቡ ክፍል ተሻረ። በዚያው ዓመት መርሴዲስና ቦሽ የተባሉት የጀርመን ድርጅቶች ኤ ቢ ኤስ የተባለውን ለቤት መኪና አቀረቡ፤ በ1981 መርሴዲስ ከዋብኮ ጋር ሆኖ ለጭነት መኪና አዋለው። አሜሪካም ግዴታውን መልሳ ያጸናችው እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ የሚያስደንቀኝ የ1975ቱ ደንብ መውደቁ አይደለም፤ መሣሪያውን የሚጠግን፥ የሚያምነውና የሚያስተምር ሰው ሳይዘጋጅ መሣሪያውን በደንብ ብቻ ማስገባት ሃብታም አገርንም እንዳሳፈረ ነው። ዘመናዊ መኪና ለሚገዙ መሥሪያ ቤቶቻችን ይህ ነገር ቢታሰብበት መልካም ነው።

አሁን ወደ ሴንሰሩ ልምጣ። ቃሉን ጠቋሚ ወይም ሰሚ ብለን ብንተረጉመው ይቻል ነበር፤ በጋራዥ ግን ሴንሰር ብሎ የማይጠራው ስለሌለ እኔም ከብዙኃኑ አልለይም። በጎማው መካከል ላይ አብዛኛውን ጊዜ 100 ጥርስ ያለው የብረት ቀለበት ይገጠማል። ከጥርሱ ፊት ለፊት፥ ሊነካው እስኪቃረብ ድረስ፥ የጣት ውፍረት ያለው ሴንሰር ይቀመጣል፤ በውስጡ ማግኔትና የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለ። ጥርሱ በፊቱ ባለፈ ቁጥር በሽቦው ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይንቀሳቀሳል። መኪናው በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ይህ ምት በሰኮንድ 300 ጊዜ ያህል ይሆናል። ቆጣሪው የየጎማውን ምት እያነጻጸረ፥ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ ድንገት ሲዘገይ ሊቆለፍ መሆኑን ያውቃል፤ የዚያን ጎማ አየር ለቅጽበት ይለቅና መልሶ ይሰጠዋል። ልክ በቅሎዋ ድንጋዩ ሲከዳት እግሯን እንደምታነሣው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ሌሎች ሴንሰሮች ተጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የሾፌሩ የፔዳል አረጋገጥ ራሱ በኤሌክትሪክ ተለክቶ ወደ ፍሬኑ መተላለፍ ጀመረ። ከዚያም የመሪውን መጠምዘዝ የሚለካ፥ መኪናው በራሱ ዙሪያ መዞሩን የሚያስተውል፥ ወደ ጎን የሚገፋውን ኃይል የሚመዝን መጣ። የእነዚህ ጥቅም በሊማሊሞ ዓይነት ጠመዝማዛ ላይ በግልጽ ይታያል። ከፍ ተደርጎ የተጫነ መኪና ከክብደቱ ከግማሽ ባነሰ የጎን ግፊት ሊገለበጥ ይችላል፤ ሾፌሩም ከወንበሩ ላይ ሆኖ የኋላው ጎማ ከመሬት መነሣቱን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከረፈደ በኋላ ነው። ሴንሰሮቹ ግን መሪው የጠየቀውንና መኪናው የሠራውን አነጻጽረው፥ ልዩነት ሲያዩ ሞተሩን ይቀንሳሉ፥ የሚያስፈልገውንም ጎማ ለይተው ይይዛሉ። በአውሮፓ ከእ.ኤ.አ. 2015 ወዲህ ለሚሸጥ አብዛኛው አዲስ ከባድ መኪና፥ በፊት ያለውን መኪና በራዳር አይቶ በራሱ ፍሬን የሚይዝ መሣሪያም ግዴታ ሆኗል።

ሆኖም እነዚህ ሁሉ ረቂቅ መሣሪያዎች የፊዚክስን ሕግ አይሽሩም። ኤ ቢ ኤስ ጎማ እንዳይቆለፍ ያደርጋል እንጂ የጋለ ሸራን አያቀዘቅዝም። ፍሬን ጠፍቶበት ሊማሊሞን ለሚወርድ ሾፌር ጎማው የማይቆለፍ መሆኑ ምን ይጠቅመዋል? ቀድሞውንም ሊቆለፍለት አልቻለም። አዲስ መኪና ስለያዙ ብቻ የማርሽን ሕግ የረሱ ወጣት ሾፌሮች እንዳሉ በዚህ ሥራ የሸመገሉ ሰዎች ሲናገሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አባባላቸው ከሽማግሌ ምሬት ያለፈ እውነት አለበት እላለሁ።

የሴንሰሩም ጤንነት በሚጠግነው ሰው እጅ ነው። በክረምት ጭቃ፥ በበጋ አቧራ በጥርሶቹ መካከል ይሞላል። የጎማ ኩሽኔታ ሲለወጥ ሴንሰሩ ወደ ኋላ ይገፋል፤ መካኒኩ መልሶ ቀለበቱን እስኪነካ በእጁ ካልገፋው ርቀቱ ይበዛና ምቱን መስማት ያቆማል። መድኃኒቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ያንን የማያውቅ መካኒክ ግን ሴንሰሩ ሞቷል ብሎ ሽቦውን ነቅሎ ይሰደዋል። መኪናው ሲነሣ በሾፌሩ ፊት በርታ የምትጠፋ ቢጫ መብራት አለች፤ ካልጠፋች አንድ ሰሚ ደንቁሯል ማለቷ ነው። ይህችን መብራት በጥቁር ፕላስተር ሸፍኖ የሚነዳ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ለምን እንደ ሸፈናት ስጠይቀው ሌሊት ዓይኑን እንደምትወጋው ነገረኝ። ሰውየው ክፉ ወይም ሰነፍ አይደለም፤ መብራቲቱ ምን እንደምትል በሚገባው ቋንቋ የነገረው ሰው ግን አልነበረም። ከመኪናው ጋር የመጣው መጽሐፍ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ የመንጃ ፈቃድ ትምህርታችንም ስለ እነዚህ ነገሮች ሰፋ አድርጎ ቢያስተምር ይህ ባልሆነ ነበር። የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን የመሰለ ነገር በአማርኛ ጽፈው ቢያወጡ ከብዙ ንግግር ይልቅ ይጠቅማል።

በመጨረሻ የተሳቢን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። በጎንደር መንገድ ላይ ሰሊጥ፥ ስሚንቶ ወይም እህል ጭነው ከሚታዩት መኪኖች ብዙዎቹ ተሳቢ አላቸው፤ ጎታቹ ከውጭ አገር አዲስ ሆኖ የመጣ፥ ተሳቢው ግን እዚሁ አገር የተበየደ ወይም የቆየ ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል የአየር ጎማዎች ተያይዘዋል፤ የኤ ቢ ኤሱ ገመድ ግን የሚገባበት ሳያገኝ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሎ ይታያል። እንግዲህ ጎታቹ የራሱን ጎማዎች ሁሉ ያዳምጣል፤ ከኋላው ስላለው፥ ምናልባትም ከእርሱ ስለሚከብደው ተሳቢ ግን አንዳች አይሰማም። ተሳቢው ጎማው ተቆልፎ ወደ ጎን ሲዞር ጎታቹን እየገፋ ወደ ገደሉ ሊወስደው ይችላል። ይህን የሚያውቁ ሾፌሮች ደባርቅ ሲደርሱ ይቆማሉ። ረዳቱ በብረት ዘንግ ጎማዎቹን እየደበደበ ድምፃቸውን ያዳምጣል፤ ከአየር ታንኩ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ያፈስሳል፤ የተሳቢውን ሸራ ርቀት ጎንበስ ብሎ ያያል። ታኮዎቹንም በቦታቸው መኖራቸውን አረጋግጦ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሾፌሩም ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ወደ ወልቅፊት ያቀናል።